ቀማሽ ያጣ ወጥ

«ገና መጣ ገና፣ ጤዛ ተሸክሞ፣
የሄደውን ሁሉ… እምም… እምም…»

ከዚህ በኋላ ያለውን እትዬ ብርሃንነሽ አያውቁትም። ሽንኩርት እየከተፉ «እምም» ላይ ይደርሳሉ፣ ቢላዋውን ያቆማሉ፣ የግቢውን በር ያያሉ፣ እንደገና ከ«ገና መጣ» ይጀምራሉ። እኔ የጓሮ ክፍላቸው ተከራይ፣ ዘፈን ሲጎድል እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው፣ ቤት የሚመታ ቃል ስፈልግላቸው ስንት ታኅሣሥ አለፈ። «ደግሞ»፣ «ታሞ»፣ «ቀድሞ»… አንዱም አልሰምር አለኝ። ለነገሩ የጎደላቸው ቃል ብቻ አልነበረም።

በየበዓሉ ቤት አንዲት የማትቀመጥ ሴት አለች። እናንተም ታውቋታላችሁ። ወንበር ቢሰጧት ሰሃን ታስቀምጥበታለች። እንግዳ ሁሉ ሲበላ እሷ በማዕድ ቤትና በሳሎን መካከል ትመላለሳለች፤ «እናንተ ጀምሩ፣ መጣሁ» ትላለች። ጀምረን እንጨርሳለን፣ አትመጣም። «በላሽ ወይ?» ሲሏት «ቅድም በልቻለሁ» ትላለች። ይህ «ቅድም» የሚባለው ሰዓት መቼ እንደሆነ እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም።

የእኛይቱ፣ የቦሳ አዲስ ሰፈሯ ክብርት ወይዘሮ ብርሃንነሽ፣ የድስቶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የጾም ዘብ አዛዥ፣ በዚህ ላይ ሕግ አውጪም ናቸው። ቄጠማ መጎዝጎዝ ሃይማኖት ነው። ዶሮ አሥራ ሁለት ቦታ መበለት ሃይማኖት ነው። ባለሱቁ ሸኩር ለሽያጭ ያቆመው፣ ጥጥ በበረዶ ፈንታ የተነሰነሰበት የፕላስቲክ ዛፍ ግን ተወግዟል። «ጌታ በበረት ተወለደ እንጂ በሱቅ መስኮት አልተወለደም።»

«ቄጠማውስ የትኛው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፣ እትዬ?» ብዬ አንድ ቀን ደፈርኩ።

«አንተ መጽሐፍ እስክታገላብጥ ወጡ ያርራል» አሉኝ።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የከበደችው ግን አንዷ ናት፦ «ያልጾመ ምን ይገድፋል?» ይህችን ሕግ ሲያወጧት ለእኔ ቢጤው ሰነፍ ነበር። የመታችው አንድ ልጃቸውን ነው። ማርቆስ አጋሮ ቡና ማጠቢያ ይሠራል። የሆሳዕናዋን ልጅ ሐዳሳን አግብቶ፣ ከእሷ ጋር ፕሮቴስታንት ሆኖ፣ በዚያው ዓመት ለገና ይዟት መጣ። ሙሽራዋ እጇን ታጥባ ወደ መሶቡ ስትጠጋ እትዬ ያቺን ቃል ጣል አደረጓት።

«አባዬ ስንት ዘመን ነው ሳይጾም የገደፈው?» አለ ማርቆስ።

«የአባትህ በሽታ ነው።»

«የእሷም እምነቷ ነው።»

ሚስቱን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ይደውላል፣ «እንኳን አደረሰሽ፣ እማ» ይላል፣ አይመጣም። እትዬ ስለ እሱ አያወሩም። በር ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ግን ቢላዋቸው ይቆማል።

ስለ አባትዬው የተባለው እውነት ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ወልደሰማያት ጨጓራቸው የማይችል ስለነበር የነፍስ አባታቸው ከጾም ፈትተዋቸዋል። ታዲያ በገና ዋዜማ እንደሳቸው የሚፈለግ ሰው አልነበረም። ወጥ ሠሪዋ ጾመኛ ናትና መቅመስ አትችልም፤ ጨው የሚቀምስ ያልጾመ ሰው የግድ ያስፈልጋል። አቶ ወልደሰማያት ከማማሰያው ጫፍ በመዳፋቸው ይቀበሉና ዓይናቸውን ጨፍነው «ብርሃኔ፣ ቆንጠር አድርጊበት» ይላሉ፤ ያን ጊዜ ወጡ ወጥ ይሆናል። እሳቸው ካረፉ በኋላ ጨው በግምት ሆነ። ናፍቆት ደግሞ እጅ ያከብዳል። ዶሮው የጨው ባሕር ውስጥ ዋኝቶ ይቀርባል፤ እኛ ውሃ እየጠጣን «እጅዎ ይባረክ» እንላለን።

የዘንድሮ ዋዜማ ከሰዓት፣ ድስቱ እየተንተከተከ፣ ጎረቤታችን አዴ ለጢፋ ማዕድ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ሜ፣ እስቲ ብርሃኔ፣ ዘንድሮስ ጨውን ሰው ይቅመስልሽ» አሉ።

«ማን? አንቺ ትቀምሺልኛለሽ?»

«እኔማ የክርስቲያን ሥጋ አልነካ። አንቺ ጾም ነሽ። ይኸ ተከራይሽም ጾም ነው።»

«የሱን ተዪው፤ የሱ ጾም እኔ እስካየሁት ድረስ ነው።»

«እንግዲያ እሱ ይቅመስ።»

«እኔ እያየሁት?»

«ወላሂ፣ ይኸ ወጥ አገር የለውም» አሉ አዴ ለጢፋ።

ባጃጅ በር ላይ ቆመ። ማማሰያውም ቆመ። ማርቆስ ገባ፤ ከኋላው ሐዳሳ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

«እኔ ነኝ የደወልኩላቸው» አሉ አዴ ለጢፋ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ዱጋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እናትህ ታማለች ብዬ ነው የጠራሁት።»

«ምኔን ነው ያመመኝ?» አሉ እትዬ።

«እሱን ራስሽ ታውቂዋለሽ።»

ሐዳሳ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ «እንደምን ከረሙ፣ እማማ» አለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ ከደፉ ውጪ ቆመች። እትዬ ወደ ድስቱ ዞሩ። የማይማሰለውን አማሰሉ። ጭሱ ነው ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ምድጃው ኤሌክትሪክ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ ሳይዞሩ፣ «ጨው ቅመሽልኝ።»

ሐዳሳ መዳፏን ዘረጋች። እኔና ማርቆስ «ልክ ነው በይ» እያልን በዓይናችን ለመንናት። ቀመሰች፣ ዋጠች።

«እማማ፣ በዝቶበታል።»

አዴ ለጢፋ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። እትዬ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን ያህል?»

«በጣም ነው የበዛው።»

እትዬ እሷን ትተው እኔን አዩኝ። «ይኸን ሁሉ ዓመት እጅዎ ይባረክ ስትለኝ የኖርከው ሰውዬ» አሉ፣ «ሂድ ውሃ አምጣ።» ከዚያ ለልጅቷ፣ «አንቺ ግቢ። ሽንኩርት ክተፊ።»

ሌላ ቁሌት ተሠራ፣ ወጡ ላይ ተጨመረ፣ መዳፉ ደግሞ ተዘረጋ።

«አሁንስ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

«ገናማ ነገ ነው» አሉ እትዬ፤ ልጅቷ ሳቋን በክንዷ ሸፈነች። ሥራዬ ከዚህ ራቅ ብሎ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ነው፤ እዚያው አጠገቡ ጥሩ ጥሩ ክፍል ሞልቶ ሳለ እዚህ ለምን እንደምኖር ሰዎች ይጠይቁኛል። መልሱን የዚያን ዕለት ያቺ ማዕድ ቤት ብትናገርልኝ ደስ ባለኝ።

ሲነጋ እኔና እትዬ ከቅዳሴ ተመለስን። ማርቆስ ቄጠማውን ጎዝጉዞ ጠበቀን። መሶቡ ተከፈተ። እኔ ተቀመጥኩ፣ ማርቆስ ተቀመጠ። እትዬ እንጀራ ሊጨምሩ ተነሱ ልል ነበር፤ መች ተቀምጠው። «እናንተ ጀምሩ፣ መጣሁ» አሉ።

ዞር ሲሉ ሐዳሳን አዩ። ማስታጠቢያውን ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማለች።

«አንቺስ? ቁጭ በይ እንጂ።»

«እኔ አልጾምኩም፣ እማማ። እርስዎ ይግደፉ፣ እኔ አስተናግዳለሁ።»

ነገር ፈልጋ አልነበረም። ድምፅዋ ውስጥ ቂም ብፈልግ አጣሁ፤ የቤቱን ሕግ አስታውሳ ማክበሯ ብቻ ነው። ማርቆስ ዓይኑን ከቄጠማው አላነሳም። እትዬ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ።

«ተቀመጪ እልሻለሁ።»

«እርስዎ ቆመው እንዴት ብዬ?»

እዚህ ላይ ሕግ አውጪዋ ተያዙ። አማት ቆማ ምራት አትቀመጥም፤ ይህን ደግሞ ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚሽረውም የለም። ልጅቷ እንድትበላ ከተፈለገ አንድ መንገድ ብቻ ነበር።

እትዬ ማስታጠቢያውን ከእጇ ተቀብለው መሬት አኖሩት። በርጩማ ሳቡ፣ ላዩ ላይ የነበረውን ሰሃን ለእኔ አቀበሉኝ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ዝቅ አሉ። አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ሐዳሳ ተቀመጠች።

እትዬ አማትበው ቆረሱ። ሊጎርሱ ሲሉ ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና መጸለይ እንደጀመረች አዩ። ጸሎቷ ረጅም ነበር፤ ለቤቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለእማማ ጤና። እትዬ ጉርሻውን አየር ላይ እንደያዙ፣ ወጡ በጣታቸው እየወረደ፣ ጠበቋት።

«አሜን» አለች ሐዳሳ።

«አሜን» አሉ እትዬ ብርሃንነሽ፣ ጎረሱም።