ዘመድ ያልሆነው ፈታኝ

ፕሮግራሙን በአንድ የኮምፒውተር ቋንቋ ጽፎ መፈተኛውን ከሌላ ቋንቋ የሚዋስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሆሳዕናው ጓደኛዬ ኤርሲዶ እንደዚያ ነው። «ፈታኝ የተፈታኝ ዘመድ ከሆነ ያደላል» ይላል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ገለልተኛ ሽማግሌ እንደሚፈለገው መሆኑ ነው። የአንድ አውቶቡስ ማኅበር የትኬት ፕሮግራም በጃቫ ቋንቋ ሠርቶ ከሩቢ ቋንቋ በተዋሰው መሣሪያ ፈተነው። ፈተናውንም ማንም እንዲያነበው በአማርኛ ጻፈው፦ «ተሳፋሪ ትኬት ከቆረጠ ወንበር ያገኛል።» ፈተናው መታለፉን የሚያሳየው አረንጓዴ በራ፤ ደስ አለን።

ወደ ዱራሜ ልንሄድ በዚያው ማኅበር አውቶቡስ ስንሳፈር የእሱ ወንበር ላይ አንዲት እናት ተቀምጠው አገኘን። የእሳቸውም ትኬት ያንኑ የወንበር ቁጥር ይዟል።

«ፈተናውን እኮ አልፏል!» አለ ኤርሲዶ።

«ፈተናውን ያወጣው ማን ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ!»

ለካ ፈታኙና ተፈታኙ ቋንቋቸው ቢለያይም አባታቸው አንድ ነው። አባትየው እስከ ዱራሜ ቆሞ ሄደ።