ቻይና ብላችሁ አትጥሩት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለቻይናዊ ግን መልአክ አያስፈልግም፤ እኛ አለንለት። አንድ ቻይናዊ ከታየ አለቀ፣ ስሙ «ቻይና» ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

ሊ የሚባለው ቻይናዊ እዚህ ስደት አገር፣ ሂሊያርድ የሚባል ሰፈር ያለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻው መኪና፣ ሾፌር ነው። ወደ ኋላ ሲመጣ የማስገባው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ የሱም ከኔ አይሻልም። ስለዚህ አዲስ አበባ ፓርኪንግ ስሠራ በለመድኩት ቋንቋ እንግባባለን፦ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» ሲመለስ ደግሞ «ሂድ!»። በቃ ይኸው ነው። ስንቱ መዝገበ ቃላት ሸምድዶ ግድግዳ ይገጫል!

አንድ ቀን ብሬክ ላይ አገሩ ፕሮፌሽናል ኳስ ተጫዋች እንደነበር አጫወተኝ። ፎቶም አሳየኝ፤ አጥቂ ላይ እንደ መዥገር ተጣብቋል። ስንት ጎል አገባህ አልኩት። አንድም አለኝ፣ ያውም ኮራ ብሎ። ተከላካይ ነዋ! የሰው ደስታ ሲያበላሽ ኖሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ያቆመ ሰው ነው። በኳስ ዘመኑ ሁሉ ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ ነበር አሉ።

እየጎተትኩ ሊንደን ሰፈር ወዳለው የሐበሻ ኳስ ቡድናችን ወሰድኩት። የዚያን እሁድ ካሸነፍን በሰመር፣ በበጋው፣ የሚደረገው ትልቁ ውድድር ውስጥ እንገባለን፤ አቻ ከወጣን ቁጭ ብሎ ሌላውን ማየት ነው። አሠልጣኛችን ጋሼ ተፈራ ቀደም ብለው አስጠነቀቁኝ። ይህ ሰው ጨዋታውን ካስበላን አንተም አብረኸው ትወጣለህ አሉኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሊ ግንብ ነው! ሰው ወደደውና ከዳር ሆኖ «ቻይና! ቻይና!» እያለ ይጨፍር ጀመር። ሊ ዞር አለ። የሰማው የመጨረሻዋን ነው፦ «ና!»። ቦታውን ጥሎ ወደ ጨፋሪው ሮጠ፤ እፊታቸው ቆሞም «በቃ» እስኪሉት ጠበቀ። ከኋላው ጎል ገባብን።

ጋሼ ተፈራ አዩኝ። ምን ማየት ነው፣ ቆረጣጠሙኝ እንጂ። ማነው ና ያለው አሉ። ማንም፤ ስሙ ራሱ ና ይላል አልኳቸው። በእረፍት ሰዓት ሕግ አወጡ፦ ከእንግዲህ «ቻይ» ብቻ! «እናንተን ችሎ የለ እንዴ? ስሙ ነው!» አሉ።

«ቻይ! ቻይ!» ሲሉት ንቅንቅ አላለም። እኔም አንዷን አገባሁ። እንዴት እንደገባች አትጠይቁኝ፤ በጉልበቴ ናት። አንድ ለአንድ። ሊያልቅ ሲል ኮርና አገኘን። ሕግ አውጪው ራሳቸው አላስቻላቸውም፤ «ቻይ… ና!» ብለው ጮኹ።

መጣ። ዘለለ። በግንባሩ ገጫት። ገባች!

ተከምረን ስንተቃቀፍ ባለጎሉ የለም። የት ገባ? ለካ ጨዋታው ገና ነው ብሎ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆሟል፣ ብቻውን። በዕድሜው የመጀመሪያዋን ጎል አግብቶ እኮ ነው! እጁን እያወናጨፈ ሁላችንንም «ሂድ! ሂድ!» አለን፤ ሜዳ ዘለው የገቡትን ጋሼ ተፈራን ጭምር። «ይሂዱ» የሚለውን አላስተማርኩትማ! ሄድን፤ አሸነፍን፤ እኔም ከቡድኑ ሳልባረር ቀረሁ።

እኔን ከዘጠነኛ ክፍል ያስወጣኝ በአጥር በኩል «ና» ያለኝ ጓደኛዬ ነው። ያኔ «ሂድ!» ብሎ የሚመልሰኝ እንደ ሊ ያለ ሰው ባገኝ ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ። ዶክተር ደግሞ እሁድም ተረኛ ነው፤ ያቺ የሊ ጎል ታመልጠኝ ነበር።

ያ ጓደኛዬ እንኳን ጠራኝ!