ዶክተር ያልናት ልጅ

እኛ ሲቀላ ሰፈር ልጅን በስሙ መጥራት ስንፍና ነው የሚመስለን። ክርክር የምትወድ ልጅ ካለች ጠበቃ ናት። ሬዲዮ ፈታትቶ መግጠም ያቃተው ሁሉ ኢንጂነር ነው። ሹመቱስ ቀላል ነው፤ ማውረዱ ነው ጣጣው።

የጎረቤቴን ልጅ የሾምኳት እኔ ነኝ። አራተኛ ክፍል እያለች የደም ግፊት መድኃኒቴ ውስጥ ያለውን ወረቀት፣ ያን ደቃቅ እንግሊዝኛ፣ ሳትደናቀፍ አነበበችልኝ። ምን ማለት እንደሆነ እሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅኩ። ግን አንዴ «ዶክተር!» አልኳት፤ አለቀ። የመንግሥት ጡረተኛ ስለሆንኩ ሰፈሩ የምለውን ማኅተም እንዳለው ደብዳቤ ነው የሚቀበለው። በሳምንቱ እናቷ፣ ሙዝ ነጋዴዋ አማረች፣ «የዶክተር እናት» ሆነች፤ እሷም ራሷ ልጇን «ዶክተር» እያለች መጥራት ጀመረች። በወሩ ሰዉ «ምን አመመኝ?» እያለ ለልጅቷ ምላሱን አውጥቶ ያሳያት ጀመር። ቸርች ውስጥ ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ጸለዩላት። ዶክተር መሆን ትፈልግ እንደሆን የጠየቃት ግን የለም። ምን ያስጠይቃል?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተነች። ውጤት ሳይመጣ ኮሚቴ አቋቋምን። ሰብሳቢው ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ የሚሸጠው ጎረቤታችን፣ ጸሐፊው እኔ። ፎቶዋን ነጭ ጋውን አልብሰን፣ «እንኳን ደስ አለሽ ዶክተራችን!» የሚል ባነር አሳተምን። ውጤት መጣ። ነጥብ አልመጣላትም።

ወይ ጉድ! ሰፈሩ ለቅሶ ተቀመጠ እኮ። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀው ነው የመጡት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏታል እናቲቱን፤ ልጅቷ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ሰብሳቢያችን «ድሮም ዓይኗ ያስታውቅ ነበር» አለ። እኔ ደግሞ፣ የተማርኩ ነኛ፣ «ንባብ አብዝታ ነው» አልኩ። ባነሩ የሙዝ መሸፈኛ ሆነ። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ የምትወጣው በጓሮ በር ነበር። አንድ ቀን ገጠር፣ ጫኖ፣ አጎቷ ጋ ሄደች ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ ሁላችንንም ቀለል አለን። የወደቀች ልጅን በየቀኑ ሰላም ማለት ቀላል መሰላችሁ?

ጫኖ ውስጥ የአጎቷ የመስኖ ፓምፕ ተበላሸ። ባለሙያ እስኪመጣ ማንጎው ሊደርቅ ነው። ከፓምፑ ጋር የመጣ መጽሐፍ ነበር፣ ማንም ከፍቶት የማያውቅ። ደቃቅ እንግሊዝኛ! አነበበቻ! ፈታች፣ ይብስ አበላሸች፣ እንደገና ፈታች፤ ውሃው መጣ። ዛሬ የጫኖ ገበሬ ፓምፑ ካኮረፈ የሚደውለው ለእሷ ነው። በሞተር ሳይክል፣ እጇ በግሪስ ተለውሶ ሰፈር ስትገባ ሰብሳቢያችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ድሮም ዓይኗ ያስታውቅ ነበር!»

ኮሚቴው እንደገና ተጠራ፤ ሌላ ባነር። የዚህኛው ማተሚያ ቤት ሰው ግን አስቸጋሪ ነው። «ስሟ ማነው?» አለን። ተያየን። ጸሐፊው ሂድ ተባልኩ።

ጓሮ ውስጥ አንድ አሮጌ ፓምፕ ፈታትታ አገኘኋት። «የኔ ልጅ፣ ለባነሩ ነበር... ስምሽ ማን ነበር?»

የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እዚሁ አጥርዎ ሥር እኮ ነው ያደግኩት» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አስቴር ነኝ። ዶክተርም ኢንጂነርም አትበሉኝ፤ ስሜን ብቻ ጻፉልኝ። አንድ ፓምፕ እንቢ ባለኝ ቀን እንደገና በጓሮ በር መውጣት አልፈልግም።»

ለኮሚቴው አቀረብኩ። ሰብሳቢው ሳቀ። «አስቴር ብቻ? ማንኛዋ አስቴር እንደሆነች ሰው በምን ያውቃል?» አለ። «ኢንጂነራችን» ተብሎ ታተመ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም እኔ።

ትናንት ግን ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ። ቢያንስ እኔ ልጀምር ብዬ አጥሩ ጋ ቆምኩና፣ ሰፈሩ እንዲሰማ፣ «አስቴር! አስቴር!» እያልኩ ተጣራሁ።

እናቷ ብቅ አለች። «ምነው ጋሼ» አለችኝ፣ «ማንን ፈልገው ነው?»