ጉንጯ የሞላች አሳ

ለጌታ ሲሰጥ ከሰባው ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። የጠወለገ ሙዝ ይዞ ጸሎት ቤት የሚመጣ ሰው እኛ ከተማ፣ ጨለለቅቱ፣ ገና ደጃፉ ላይ ያፍራል። ግን እናንተዬ፣ የሰባውን ከከሳው መለየትም ትምህርት ይፈልጋል። በሬ ከሆነ ሻኛውን አይቼ እነግራችኋለሁ። አሳ ግን ምኑ ይታያል?

እህት አስቴር ባሏ ካረፈ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ከቡና ማሳዋ ግርጌ ባስቆፈረችው የአሳ ኩሬ ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በርትቶ ኩሬው ገነፈለና አሳዎቿን ጎርፍ ወሰደባት። ጥቂት ተረፉ። ሌላው ቢሆን ያማርራል፤ እሷ ግን ስለተረፉት ላመስግን ብላ፣ ጉንጯ የሞላውን፣ አገጯ የወረደውን፣ ሰብታለች ያለቻትን አሳ መርጣ ከነሕይወቷ በሳፋ ውሃ ይዛ እሁድ መጣች። እኛ ዘንድ የምስጋና ስጦታ ከጸሎት በኋላ ለጨረታ ይቀርባል፤ ገንዘቡ ለጸሎት ቤቱ ነው።

አጫራቹ ሳፋውን ከፍ ሲያደርግ አሳዋ ተንፈራገጠች፤ አፏን ከፈተችና የገብስ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆቿን ውሃው ላይ በተነች።

«ምን በልታ ነው የምታስመልሰው?» አለ አጫራቹ። ሰው ሳቀ።

የወረዳችን የአሳ እርባታ ባለሙያ ከመዘምራኑ መሐል ተነሣች። «አልበላችም። እንቁላሏን የምትታቀፈው አፏ ውስጥ ነው፤ ልጆቿ እስኪጠነክሩ ምግብ አትቀምስም። እትዬ አስቴር፣ በመራቢያ ወቅት እናት አሳ አይነካም ያልኩሽ ይኼን ነው። ያለቀው ክምችት የሚተካው በእሷ ነው።»

እኛ ግማሽ ቀን ጾመን ለጎረቤት እናወራለን።

የአስቴር ፊት ተለወጠ። «ታዲያ ለጌታ የሰጠሁትን ልመልስ? አላደርገውም!»

ኩሬው ባዶ ሊቀር ነው፤ ለጌታ የተሰጠውም አይመለስም።

«ለእኔ» አልኩ፣ ዋጋ ጠርቼ።

«ጋሼ፣ መጥበሻ አለህ እንዴ?» አለኝ አጫራቹ። በዋጋዬ ላይ የጨመረ ግን የለም።

ሳፋውን ተሸክሜ ወደ ኩሬው ወረድኩ፤ አስቴር ከኋላ ተከተለችኝ። ውሃው ዳር ዝቅ ሳደርገው ልጆቹ ተሻምተው ወደ እናታቸው አፍ ተመለሱ። እሷም አፏን ገጥማ ወደ ጥልቁ ገባች።

«ጋሼ፣ ጌታ ስጦታዬን የተቀበለ ይመስልሃል?»

«አብርሃምም ይስሐቅን ይዞ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው» አልኳት።

እርግጥ አብርሃም በግ አግኝቶ ነበር። እኔን ቤት የጠበቀኝ ጎመን ነው። አመስግኜ በላሁ።