የእሺ ባዮች ማኅበር

ጭሮ ውስጥ የእሺ ባዮችን ማኅበር አባላት ማወቅ ይፈልጋሉ? ጫት ሲቅሙ ይዩዋቸው፤ ሁሌም በአንድ ጉንጫቸው ነው። የሌላኛውን ጉንጭ ጥርሶች በጤና መድን ደብተራቸው የመንግሥት ሆስፒታል ሄደው አስነቅለው ጨርሰዋል። የተቦረቦረ ጥርስ መሙያ የለም፤ መንቀያው ጉጠት ግን ጠፍቶ አያውቅም። ሐኪሙ «ይነቀል» ሲለን «እሺ» እንላለን። «እንላለን» ማለቴ እኔም ሦስት ጥርስ ያዋጣሁ አባል ስለሆንኩ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ ወረፋ ላይ ከፊቴ የነበሩት ከገለምሶ በሚኒባስ የመጡት ጫት ነጋዴ አዴ ፋጡማ ናቸው። ለአንድ የተቦረቦረ ጥርስ ሲመላለሱ ይህ አራተኛቸው ነው። ወጣቱ ሐኪም ገና ሲያያቸው በረጅሙ ተነፈሰ።

«አዴ፣ መሙያው አልመጣም። እንንቀለውና ይገላገሉ።»

«ወላሂ አይነቀልም! ቆርቆሮ ቢቀደድ ቤት ይፈርሳል እንዴ?»

«መሙያው ሳይመጣ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እሱ ባይመጣ እኔ መጥቻለሁ። አለቃህን ጥራልኝ፣ ልጄ።»

ይህን ብለው የሕክምናው ወንበር ላይ ተደላደሉ። ሐኪሙ በሩ ላይ ተራዬን ወደምጠብቀው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ? እንንቀለው?»

የለመደ አፌ «እሺ» ሊል ሲከፈት አዴ ፋጡማ ዞር ብለው አዩኝ። ግጥም አድርጌ ዘጋሁት።

አሁን አለቃውን የምንጠብቀው ሁለት ሆነናል።