የጀግናው አባት ስም

ሰው ሁለት ጊዜ ይወለዳል፤ አንዴ ከእናቱ ማሕፀን፣ አንዴ ደግሞ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ሽማግሌ ፊት የቆመ ቀን። የመጀመሪያው ልደት ምጡ የእናት ነው፤ የሁለተኛው ግን የራስ። ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው የሌለበት ከተማ በአገራችን የለም። ካለም ከተማ ሳይሆን መናኸሪያ ነው።

የዲላው ጠያቂ ጋሽ ደግነት ይባላሉ። እኔ ግን በሆዴ ማዕረጋቸውን ጠብቄ «ሊቀ ዘመዳት» እላቸዋለሁ። መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጥያቄያቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ብሔር አይጠይቁም። «እሱን መታወቂያ ይጠይቅህ» ይላሉ፤ «እኔ የምጠይቅህ ሰው ነው። አባትህ ማነው? የአባትህ አባትስ? እሺ፣ እሱን የወለደው?» ፈላስፎች «ማን ነኝ?» እያሉ ሁለት ሺህ ዓመት ደከሙ። ሊቀ ዘመዳት «የማን ነህ?» ብለው ነገሩን በአምስት ደቂቃ ይጨርሱታል። አምስት ደቂቃው አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ድረስ ይዘልቃል እንጂ።

ባጃጅ ከተሳፈሩ ሹፌሩ በእናቱ በኩል የቡሌ ሰው መሆን አለመሆኑ ሳይጣራ አይወርዱም። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው እሳቸው «ቆይ እንጂ፣ አያትህ ረጅሙ ነው አጭሩ?» ይላሉ። የባንክ ጥበቃ ሲፈትሻቸው እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሡ «አፈታተሽህ ቁርጥ አያትህን! እሱም ሰው አያምንም ነበር» ብለውታል። አዲስ የተመደበ ሐኪም የደም ግፊታቸውን ሊለካ ቢቀርብ ሰባት ትውልድ አስቆጠሩት፤ በመጨረሻ የእሳቸው ግፊት ወርዶ የሐኪሙ ጨምሮ ተገኘ። አንድ እሑድ ደግሞ እንግዳ ሰባኪ አባቱም እናቱም ስላልታወቁ ስለ አንድ የጥንት ካህን ሲሰብክ ዋለ። ጋሽ ደግነት ከአምልኮው በኋላ በር ላይ ጠብቀው ክንዱን ያዝ አደረጉና፣ «ፓስተር፣ ይሄ ነገር በደንብ ተጣርቷል?» አሉት።

እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ጎረቤትነቴም ትዕግሥትን ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ አስተምሮኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሰው ከቪዲዮ ጌም ጋር ምን አገናኛቸው? ያገናኘቻቸው ሳሮን ናት፤ የሟች ወንድማቸው የኃይለኢየሱስ ልጅ። እዚያው እሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራ፣ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ በኢንተርኔት ለውጭ የጌም ኩባንያዎች ትሠራለች። የሥራ መደቧ «የባህል አማካሪ» ይባላል። ማለትም፣ አርባ ሰው ተሰብስቦ ታሪኩን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ሹሩባው በየት በኩል እንደሚወርድ እሷን ይጠይቃሉ። ጌም ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም በስክሪኑ ላይ ከታች ወደ ላይ ይፈስሳል። የሳሮን ስም ሁለት ጊዜ ፈስሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሁሉ በታች፣ «ለትብብራቸው እናመሰግናለን» በሚለው ሥር። «ሁለት ጊዜ ተመስግኛለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። «ምስጋና ሰልችቶኛል። እኔ መጻፍ ነው የምፈልገው።»

ዕድሉ መጣ። አንድ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ኩባንያ፣ የአንድ ወረዳ የዐሥር ዓመት በጀት የሚያህል ገንዘብ የፈሰሰበት ጌም ጀምሮ ነበር። ጀግናው ጥቁር ነው፤ አገሩም ቡና የሚበቅልበት ተራራ። ከአርባዎቹ ጸሐፊዎች ግን የቡና ዛፍ በዓይኑ ያየ አንድም አልነበረም። ስለዚህ ለሳሮን ፈተና ላኩላት፤ የጀግናውን ታሪክ በዐሥር ቀን ጽፋ ታቅርብ፣ ከተወደደ በጸሐፊነት ትቀጠራለች። ካልተወደደ ለትብብሯ ትመሰገናለች።

የላኩላትን ሥዕል ከፍታ ስታይ ሊቀ ዘመዳት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

«ይሄ ማነው?»

«የጌሙ ጀግና ነው፣ ጋሼ።»

ስክሪኑ ላይ ደረቱ የተገለጠ፣ ጦር የያዘ፣ ነብር ያስከተለ ጎረምሳ ቆሟል። ከኋላው ቡናው እንደ ወታደር ተሰልፏል፤ አንድ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም፣ እንሰት የለም። ፍሬው ሁሉ ጥቁር ቡናማ ነው።

«እዚያ አገር ቡናው ዛፉ ላይ እንዳለ ነው እንዴ የሚቆላው?»

«እሱን አስተካክላለሁ።»

«የማን ልጅ ነው?»

ሳሮን ተነፈሰች። «ወላጅ የለውም፣ ጋሼ። ጌሙ ሲጀምር ጠላት መንደሩን ያቃጥላል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ያልቃል። ከዚያ ሊበቀል ይሄዳል። ሁሉም ጌም እንደዚህ ነው የሚጀምረው።»

«አባቱ ሞተ ማለት አባት የለውም ማለት ነው? የሞተ አባትም አባት ነው። ስሙ ማነው?»

«ስም አልሰጡትም።»

«ስም ሳይወጣለት ነው የሞተው? እሺ፣ ማን ቀበረው?»

«ምን?»

«ሬሳውን ነዋ! መንደር ሙሉ ሬሳ አለ አላልሽም? ማን ቀበረ? ድንኳን ማን ተከለ? ወይስ ይሄ ጀግናሽ አባቱን ለጅብ ጥሎ ከነብር ጋር ይዞራል?»

«ጌም እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«እኛ ሰፈር እንዲህ ያደረገ ሰው ከእድር ይሰረዛል።»

ሳሮን ወሬ ለማስቀየር ሌላ ሥዕል ከፈተች። ባትከፍተው ይሻላት ነበር። ጀግናው ትክል ድንጋይ በዱላ ይሰብራል፤ ከተሰበረው ድንጋይ ብርሃን ይወጣና የደከመ ጉልበቱ ይሞላል። ጋሽ ደግነት መነጽራቸውን አወለቁ። «የሰው መቃብር ሰብሮ ጉልበት?» አሉና ወጡ። ከደጅ ተመለሱ። «የአባቱን ስም ስታገኚው ንገሪኝ።»

ከዚያ በየጠዋቱ «ተገኘ?» ሆነ። በሩን ብትቆልፍ በመስኮት ይመጣሉ። በሰባተኛው ቀን ዓይኗ ቀልቶ እኔ ዘንድ መጣች። «እኚህ ሰውዬ እንጀራዬን ሊያበላሹት ነው! ሰዎቹ የሚፈልጉት በቀል ነው። እሳቸው ደግሞ እድር ይሉኛል!» አጽናናኋት። ጥያቄ ግን እንደ እሾህ ነው፤ ረግጠኸው ብታልፍም አብሮህ ይሄዳል። በዘጠነኛው ቀን የጻፈችውን ሁሉ ጥላ አዲስ ጀመረች። በአዲሱ ታሪክ መንደሩ ሲቃጠል ጀግናው ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ነው። የጎረቤት መንደር ሰዎች መጥተው ሙታኑን ይቀብራሉ፤ ሦስት ቀን አብረውት ይቀመጣሉ። ሊያስተዛዝን የመጣው ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል። ሕፃኑ «የአባባ» ከማለት በቀር አያውቅም፤ የአባባን ስም የሚያውቅ ሁሉ አልቋል። አድጎ ከቤት የሚወጣው ሊገድል ሳይሆን የአባቱን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ሊፈልግ ነው።

በዐሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሮንና የኩባንያው ሰዎች በቪዲዮ ተገናኙ። መብራት የለም፤ ላፕቶፑ በቀረችው ባትሪ ይንገዳገዳል። ዋና ኃላፊዋ ፈገግታዋ የማያልቅ ሴት ናት። «ኩባንያችን ለብዝኃነት ትልቅ ቦታ ይሰጣል» ብላ ጀመረች። ብዝኃነት የሚለውን ቃል እኛም እናውቀዋለን፤ በየኅዳር ሃያ ዘጠኙ ባህላዊ ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ሲመሽ ልብሱ ወደ መጋዘን ይመለሳል። «ታሪክሽ ውብ ነው» አለች ኃላፊዋ። «ግን ተጫዋች ሐዘን ላይ ቁጭ ብሎ አይታገሥም። በቀሉ የት አለ?»

ይኼኔ ነው ሊቀ ዘመዳት ጄኔሬተር ላስነሣ ወይ ብለው የገቡት። በትከሻዋ በኩል አጎንብሰው ስክሪኑን አዩ። «ጤና ይስጥልኝ! ሳሮን፣ ይቺ ሴትዮ የማን ልጅ ናት?»

«ጋሼ፣ በእናትዎ ይውጡ! ሥራ ላይ ነኝ!»

«ምን አሉ?» አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። ሳሮን የምትገባበት ጠፋት፤ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ የአባቷን ስም ተናገረች። አያቷ ጋ ስትደርስ ጣራ ጣራ አየችና ሳቀች፤ አታውቀውም። ጋሽ ደግነት ከልባቸው አዘኑላት። «አይዞሽ በያት።»

ከሴትዮዋ ጎን ጸጉሩን የተጎነጎነ ጥቁር ወጣት ተቀምጦ ነበር፤ ጀግናውን የሳለው እሱ ነው። ሊቀ ዘመዳት ሲያዩት ፊታቸው በራ። «ይሄስ የእኛ ልጅ ነው! እስኪ ጠይቂው።»

ሳሮን እየፈራች ጠየቀችው። ወጣቱ አባቱን ጠራ፤ አያቱን፤ ቅድመ አያቱን። «ከዚያ በላይ ያለው የባሪያ ሽያጭ ወረቀት ነው» አለ። «በመርከብ ነው የመጣነው። ወረቀቱ ላይ ወንድ፣ ዕድሜ ሃያ ይላል። ስም የለውም።»

ሳሮን በቀስታ ተረጎመችላቸው። ጋሽ ደግነት በሰባ አንድ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በጠየቁት ጥያቄ አፈሩ።

«ይቅርታ ጠይቂልኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ስሙን ጣሉት እንጂ ሰውየው ነበረ በይው። ባይኖር አንተም አትኖርም በይው። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ስም የጠራው ሰው አለ።»

ወጣቱ ሰማ። ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ «እኔ ይሄኛውን ታሪክ ነው የምስለው» አለ። ፈገግታዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ። በዚያው ባትሪው አለቀ።

ሳሮንን ቀጠሯት። ማዕረጓ ግን በእንጥልጥል ቀረ፤ ደንባቸው ሆኖ የማን ስም በየትኛው ዝርዝር እንደሚገባ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ነው፣ ከጻፈችው ምን ያህሉ እንደተረፈ ታይቶ። ሦስት ዓመት ጻፈች፤ ሦስት ዓመት ሰረዙ። ጌሙ ሲወጣ እሳቱ በእጥፍ አድጓል፤ ገበያ እሳት ይወዳል። ነብሩም አለ። ቡናው ግን ጥላ ሥር ገብቷል፣ ፍሬውም ቀልቷል። ትክል ድንጋዮቹን የሚሰብር የለም። ሦስቱ የሐዘን ቀናት ሦስት ደቂቃ ሆነዋል፤ ከግርጌያቸውም እንዲህ የሚል ጽሑፍ ይበራል፦ «ለቅሶውን ለመዝለል ክቡን ቁልፍ ተጭነው ይያዙ»።

«የሚጫን ሰው አለ?» አሉ ጋሽ ደግነት ደንግጠው።

«ሁሉም፣ ጋሼ» አላቸው ጆሲ።

ጆሲ ከመናኸሪያው ጀርባ ጌም ቤት አለው። ቤቱ የኳስ ጌም ቤት ነው፤ ታሪክ ያለው ጌም እዚያ የሚከፍት የለም። ለሳሮን ብሎ ግን ሁለት ሳምንት ታግሎ ጨረሰውና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጠራን። ጀግናው የአባቱን ስም ከአንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት ሰምቶ እሱም ሲጠራው ስክሪኑ ጨለመ፤ ስሞች መፍሰስ ጀመሩ። ኳስ የሚጠብቁት ጎረምሶች «ዝለለው በቃ!» ብለው ጮኹ።

«ማንም እንዳይነካው!» አሉ ሊቀ ዘመዳት። የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር ከዳር እስከ ዳር ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው በዓለም ላይ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። የድምፅ ሠራተኛውን፣ የሣሩን ሠዓሊ፣ የሒሳብ ሹሟን፣ ሁሉንም በጣታቸው እየተከተሉ «ይሄስ የማን ይሆን?» አሉ።

«ጸሐፊዎች» የሚለው መጣ። ሳሮን የወንበሯን ጠርዝ ጨበጠች። ዐሥር ስም አለፈ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ዝርዝሩ ሊያልቅ ሲል ብቅ አለ፦ ሳሮን ኃይለኢየሱስ። ጆሲ ዘለለ፤ ጎረምሶቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ጠረጴዛ ደበደቡ። ሳሮን አልጮኸችም። «አባቴ እኮ ነው» አለች ስክሪኑን እያየች። ጋሽ ደግነትም የወንድማቸውን ስም በከንፈራቸው ብቻ ጠሩ።

ዝርዝሩ ቀጠለ። ከሁሉ በታች፣ «እናመሰግናለን» በሚለው ሥር፣ በአንድ የፈረስ አሠልጣኝና በአንድ ምግብ አቅራቢ ድርጅት መካከል አንድ ቃል መጣ፦ ደግነት። ቃሉ ወጣ፣ ወደ ላይ ተሳበ፣ ጠፋ። አባት የለውም።

«ጋሼ! እኔ እኮ ሙሉውን ነው የጻፍኩላቸው!» አለች ሳሮን።

«ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል።» ቆባቸውን ፈለጉ፤ ራሳቸው ላይ ነበር።

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ የማን ልጅ ነዎት?» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ደግነት ሊመልሱ ቆባቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁት።

እኔ ተነሣሁ። ለምን እንደተነሣሁ ዛሬም አላውቅም፤ ጉልበቴም ለመነሣት የሚመች አይደለም። «ደግነት በራሶ» አልኩ ጮክ ብዬ። «በራሶ ጂግሶ። ጂግሶ ዱካሌ። ዱካሌ ሮባ።» ማንም አጥና አላለኝም። ሲቆጥሩት ስሰለች የኖርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በቃሌ ስይዝ ነው የኖርኩት። ቀጠልኩ።

ከሮባ በኋላ አንድ ሰው ዘለልኩ። ጋሽ ደግነት ሰምተዋል፤ ቅንድባቸው ብድግ ሲል አይቻለሁ። አላረሙኝም።