ጽሑፌ ትንፋሹን ሲያዳምጥ

ትናንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕልም አየሁ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ፤ የኔን ግን ፈቺም አያድነው።

በሕልሜ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ነበር። ያላስረከበ አይመረቅም። እናቴ ደግሞ (ይኼ እውነት ነው) ለምርቃቴ የእድሩን ድንኳን አስይዛ፣ ዘመድ አዝማድ ጠርታ ጨርሳለች። ለመጻፍ እቁነጠነጣለሁ። ጽሑፌ ግን አልጋዬ ላይ እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል።

«ተነሥ፣ ልጻፍህ!» አልኩት።

«ቆይ፣ ትንፋሼን እያዳመጥኩ ነው። ነገ ትጽፈኛለህ።»

«ነገማ አለቀልኝ!»

«ነገ የሚባል የለም። ያለው አሁን ብቻ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ልጻፍህ!»

«አሁን እየተረጋጋሁ ነው አልኩህ እኮ!»

ጎትቼ ላወርደው ስል አልጋው ጣሪያ ደረሰ። አማካሪዬን ፍለጋ እየሮጥኩ ወጣሁ። መምህራኑ ዶርማችን በር ላይ ተሰልፈው ተማሪ ይለማመጣሉ። አማካሪዬ ዶክተር ገረመው በነጠላ ጫማ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመዋል።

«ጌታዬ፣ አስተያየቴን ልሰጥዎት ከመስከረም ጀምሮ እየተዘጋጀሁ ነው» አሉኝ እጅ እየነሱ። «መጀመሪያ ግን ጠረጴዛዬን ላጽዳ።»

ትቻቸው ወደ ኳስ ሜዳው ሮጥኩ። ድንኳኑ ተተክሎ እንግዳው ይበላል። እናቴ ጋዋኔን ለብሳ መሐል ተቀምጣለች።

«አንተን ስጠብቅ ሰለቸኝና እኔው ተመረቅሁ» አለችኝ። «ድንኳኑ ሳይፈርስ ከጻፍክ ትደርሳለህ።»

የእድሩ ሰዎች ካስማ መንቀል ጀመሩ። ፈራሁ። እየጮኽኩ ተመለስኩ። ጽሑፌ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«አሁን ደኅና ነኝ። ጻፈኝ» አለኝ።

እስክሪብቶዬን ስመዝ ጭብጨባ ሰማሁና ነቃሁ።

የተማሪዎች ማማከሪያ አዳራሽ ምንጣፍ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ጭንቀቴን አራግፌ ልጽፍ ብዬ ከምሳ በኋላ ለግማሽ ሰዓት የገባሁበት የጥሞና ሥልጠና ነው። ከአሠልጣኟ በቀር ማንም የለም።

«በርታ ወንድሜ!» አለችኝ እያጨበጨበች። «እንዳንተ የተረጋጋ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ተመራቂዎቹማ ጽሑፍ ማስረከቢያው አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል ብለው አቋርጠው ሮጡ።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አስራ አንድ ሆኗል» አለች። «ምነው፣ አንተም ተመራቂ ነህ እንዴ?»